ዕቃው ገብቶ መመሪያው ሲቀር

ነጋዴ ዕቃ ሲያስመጣ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ ቀጥሎም የመርከቡን ኪራይ፣ የቀረጡን ልክና ዕቃው የሚደርስበትን ቀን ያሰላል። ዕቃው ከደረሰ በኋላ እንዴት እንደሚሠራበት የሚያስረዳው ጽሑፍ ግን በዋጋው ዝርዝር ውስጥ ስለማይገኝ፣ አለ ወይስ የለም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኔ በአንድ የብረታ ብረት አስመጪ ነጋዴ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ሳገለግል ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ በዚህም ጊዜ ሁሉ ብዙ የዕቃ ሰነድ በእጄ አልፏል። ነገር ግን የመመሪያ ጉድለት እንደ ቀረጥ ሁሉ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል ዕዳ መሆኑን የተረዳሁት በቅርቡ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የተከበራችሁ አንባቢያን ከእኛ ጉዳት ትማሩበት ዘንድ ነገሩን ከመነሻው ልጽፈው ወደድሁ።

አሠሪዬ ላሜራ ከውጭ አገር እያስመጡ ይሸጣሉ፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህም አንድ የሥራ ቤት ጨምረው የሱቅና የመጋዘን መደርደሪያ ያሠራሉ። ቀድሞ መደርደሪያው የሚሠራው በዋናው ሠራተኛ ልምድና በካርቶን ላይ በተሣለ ንድፍ ነበር። ደንበኞች እየበዙ፣ ልኩም እየተለያየ በሄደ ጊዜ ንድፉ በኮምፒዩተር እንዲሣል ተወሰነና አንድ የምሕንድስና ንድፍ ማውጫ ፕሮግራም በየዓመቱ በሚታደስ ክፍያ ተገዛ። ፕሮግራሙን የሚሠራበት አንድ ወጣት መሐንዲስ ተቀጠረ። እኔም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን የጨረስሁና የውጭ አገር ደብዳቤ የምጽፍ በመሆኔ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የእርዳታ ጽሑፍ እያነበብሁ ለሠራተኞቹ በአማርኛ እንዳስረዳ ታዘዝሁ።

አንድ ቀን ከአንድ የጅምላ ነጋዴ የመጋዘን መደርደሪያ ትእዛዝ መጣልን። ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር የሆነ ላሜራ ተቆርጦ በየመደርደሪያው አራት ቦታ መታጠፍ ነበረበት። ላሜራ የሚያሳጥፍ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ብረት ሲታጠፍ የውጭው ፊት ይለጠጣል፤ የውስጡ ፊት ይጨመቃል፤ በመካከላቸውም የማይለጠጥና የማይጨመቅ አንድ መስመር ይገኛል። ይህ መስመር ከውስጠኛው ፊት ያለው ርቀት ለጠቅላላው ውፍረት ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር መሐንዲሶች ኬ ፋክተር ይሉታል። ቁጥሩ እንደ ብረቱ ዓይነትና እንደ ማጠፊያው ቅርጽ የሚለያይ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.5 ባለው መካከል ይገኛል። ሳይታጠፍ በፊት ላሜራው በምን ያህል ርዝመት መቆረጥ እንዳለበት ፕሮግራሙ የሚያሰላው በዚህ ቁጥር ነው።

ፕሮግራሙ ከፋብሪካው ሲመጣ በዚህ ስፍራ 0.5 ተጽፎበት ነበር። መሐንዲሳችን ይህን ቁጥር ልተወው ወይስ ልለውጠው ብሎ ስለ ተጠራጠረ የእርዳታውን ገጽ ከፍተን አብረን አነበብን። በገጹ ላይ የተጻፈው ቃል በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ የሚል ነበር፤ «ኬ ፋክተር፤ የኬ ፋክተርን መጠን ይወስናል።» ከዚህ በቀር ምንም አልነበረም። ለየትኛው ብረት ስንት ይሁን፤ 0.5 የተባለውስ ለሁሉ የሚሆን ነው ወይስ ለሞላ ያህል የተቀመጠ ነው፤ ሰው በራሱ ማጠፊያ ማሽን ሞክሮ ትክክለኛውን ቁጥር እንዴት ያገኛል፤ ስለ እነዚህ ጥያቄዎች አንዲት ቃል አልተጻፈችም። ዋናው ሠራተኛችን አጠገባችን ቆመው ነበርና «ልጄ፣ መጽሐፉ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «ጋሼ፣ መጽሐፉስ ኬ ማለት ኬ ነው ይላል» ብዬ መለስሁላቸው። ሁላችንም ስቀን፣ የፋብሪካው ቁጥር ሳይሻል አይቀርም በማለት 0.5 እንደ ሆነ ተውነው።

ሣቁ ግን ብዙ አልቆየም። 34 ላሜራ ተቆርጦ ከታጠፈ በኋላ መደርደሪያዎቹ በምሰሶዎቹ መካከል አልገባ አሉ። ለእኛ ማሽንና ለእኛ ብረት ትክክለኛው ቁጥር ወደ 0.33 የሚጠጋ ስለ ነበር፣ ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ እጥፋት ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል አስረዝሞ አስቈርጦናል። ግማሽ ሚሊሜትር ለዓይን የማይታይ ኢምንት ነገር ነው፤ በአራት እጥፋት ሲደመር ግን ከ2 ሚሊሜትር በላይ ይሆናል። ሠራተኞቹ የጠርዞቹን እጥፋት ከዳር እየለኩ በትክክል ስላጠፉ ትርፉ ሁሉ በመካከለኛው ገጽ ላይ ተከማቸ። ከመደርደሪያዎቹ አንዳንዶቹ ዳር ዳራቸው ተሞርዶ ሲድኑ፣ ብዙዎቹ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ተሸጡ፤ ደንበኛችንም መጋዘኑን በተባለው ቀን ስላልከፈተ ከሒሳቡ ላይ ቅናሽ እንዲደረግለት ጠየቀ። የጠየቀውም በሕግ ነውና አሠሪዬ እሺ አሉት።

ከዚያ በኋላ መፍትሔውን ያገኙት ዋናው ሠራተኛችን ናቸው። ልክ 100 ሚሊሜትር የሆነ ቁራጭ ላሜራ ቆርጠው በመካከሉ ቀጥ ባለ ማዕዘን አጠፉትና ሁለቱን ክንፎች ከውጭ በኩል በካሊፐር ለኩ። ፕሮግራሙ ድምሩ 103.3 ይሆናል ሲል፣ ካሊፐሩ 103.8 ሚሊሜትር አሳየ። መሐንዲሱ ከዚህ ልዩነት ተነሥቶ ቁጥሩን አሰላና 0.33 አገኘ። ሥራው ሁሉ የፈጀው ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የፕሮግራሙ ባለቤቶች ይህን ፈተና በአምስት መስመር ጽፈውት ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ላሜራ ባልጠፋ ነበር። ጉዳታችን የመጣው ከፕሮግራሙ ድካም አይደለም፤ ፕሮግራሙ ኀይለኛና ፈጣን ነው። ጉዳታችን የመጣው ያውቃል ከተባለው ጽሑፍ ዝምታ ነው።

ሁለተኛው ችግራችን በገንዘብ ቀላል ቢሆንም ልብ የሚያሳዝን ነበር። ሠራተኞቹ ንድፉን አንብበው እንዲረዱ «የላይኛው መደርደሪያ»፣ «የግራ ምሰሶ» እያልን በአማርኛ ብንጽፍ፣ በሥዕሉ ላይ የታየው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር። የእርዳታው ገጽ «የፊደል ዓይነት፤ የፊደል ዓይነት ይምረጡ» ከማለት በቀር ያስረዳን ነገር የለም። በብዙ ድካም እንዳገኘነው፣ ፕሮግራሙ ሲከፈት የሚሠራበት ፊደል ቀድሞ ለመሣያ ማሽን ተብሎ በመስመር የተሠራ ስለ ሆነ የግዕዝ ፊደል በውስጡ የለም። የግዕዝ ፊደል በእንግሊዞቹ ዘመን አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ይዞ ወጥቷል። ስለዚህ የጽሑፉን ዓይነት ከመስመር ፊደል አውጥቶ እንዲህ ወዳለው ፊደል መለወጥ ብቻ ይበቃ ነበር። ፊደላችን በዓለም መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ወደ እርሱ የሚያደርሰውን በር የሚያመለክት አንድ መስመር በመታጣቱ ሁለት ሳምንት በእጅ ጽሑፍ ስንሠራ ቆየን።

ይህ ጉድለት ከየት መጣ ብዬ ስመረምር፣ ነገሩ ከቀድሞው እየከፋ የመጣ ሆኖ አገኘሁት። አውቶዴስክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አውቶካድን በ1982 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ በዚያ ዘመን እንደ ነበረው ልማድ ገዥው ከዲስኩ ጋር የታተመ መጽሐፍ ይቀበል ነበር። መጽሐፍ ማሳተም ገንዘብ የሚያስወጣ በመሆኑ፣ ጸሐፊው የጻፈውን አራሚው ያርመው ነበር። በ1990 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 3.0 የእርዳታ ጽሑፍን በኮምፒዩተሩ ውስጥ የማንበቢያ መንገድ አመጣ፤ ቀስ በቀስም መጽሐፉ ከሳጥኑ ውስጥ ጠፋ። ቀጥሎ ጽሑፉ ከኮምፒዩተሩም ወጥቶ ወደ ኢንተርኔት ሄደ። ዛሬ የኢንተርኔት መስመር በተቋረጠ ሰዓት፣ ለብቻው አስቀድሞ ያላወረደው ሰው የእርዳታ ገጹን ሊያይ አይችልም። እንዲህ ያለው እርዳታ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ዓይነት ነው።

ከዚህም በቀር የሽያጩ ሥርዓት ተለውጧል። ከላይ የጠቀስሁት ኩባንያ በ2016 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አዲስ የዘለቄታ ፈቃድ መሸጥ አቁሞ ወደ ኪራይ ተሸጋግሯል፤ ሌሎችም ብዙዎች ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። ፕሮግራሞቹ በየዓመቱ አዲስ መልክ ይዘው ስለሚወጡ፣ አዝራሩ ከአንዱ ሠንጠረዥ ወደ ሌላው ሲዛወር ጽሑፉ በቀድሞው ስፍራ ላይ እንደ ቆመ ይቀራል። አንባቢው «ይህን ይጫኑ» ወደሚለው ስፍራ ሲሄድ የሚጫነው ነገር አያገኝም። ቤት ተከራይቶ በየዓመቱ በሩ የሚዛወርበት ሰው፣ የቤቱ ባለቤት ቢያንስ በሩ ወዴት እንደ ሄደ ሊነግረው ይገባል።

በዚህ ነገር ላይ የሚቀርብ መከራከሪያ እንዳለ አውቃለሁ። አንዳንድ ሻጮች «ፕሮግራሙ የተዘጋጀው ለተማሩ መሐንዲሶች ነው፤ ያልተማረ ሰው ኮርስ ይግባ» ይላሉ። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ የእርዳታ ገጽ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ሊሆን አይችልም፤ እኔም ይህን አልጠይቅም። ነገር ግን የእኛ መሐንዲስ ላሜራ ሲታጠፍ የሚሆነውን በትምህርት ቤት በሚገባ ተምሮታል። ያላወቀው ፕሮግራሙ ያንን ቁጥር ከየት አምጥቶ እንደ ጻፈው ነው። ይህን ደግሞ ከፕሮግራሙ ሠሪዎች በቀር በዓለም ላይ ሊነግረው የሚችል ትምህርት ቤት የለም።

ሌሎች ደግሞ «በኢንተርኔት ላይ ስንት የትምህርት ፊልም አለ፤ ከዚያ ተመልከቱ» ይላሉ። እውነት ነው፤ ከማናውቃቸው ቅን ሰዎች ብዙ ጠቃሚ ነገር ተምረናል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን አንዲት ቁጥር ለማወቅ የሃያ ደቂቃ ፊልም ማየት፣ ፊልሙም ከሦስት ዓመት በፊት ስለ ነበረው መልክ የሚናገር ሆኖ ማግኘት የሥራ ጊዜን መብላት ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለውንም ጠይቀናል፤ አንዳንድ ጊዜ በደንብ ያስረዳል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን በፕሮግራሙ ውስጥ የሌለ አዝራር ስም ጠርቶ በሙሉ ልብ «ይጫኑ» ይላል። እውነተኛ ጽሑፍ በባለቤቱ ካልተጻፈ፣ አማላጁ ሁሉ የሚናገረው ከግምት ነው።

ለመሆኑ ጥሩ መመሪያ ምን ዓይነት ነው ቢባል፣ ምሳሌውን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሲንጀርን የልብስ ስፌት መኪና መመሪያ ያየ ሰው ያስታውሰዋል፤ ክሩ የሚያልፍበትን መንገድ በሥዕልና በቁጥር እያመለከተ ከድሩ ማስቀመጫ እስከ መርፌው ዓይን ያደርሳል። ለንድፍ ፕሮግራምም ቢሆን ከዚህ የተለየ ነገር አልጠየቅንም። እያንዳንዱ ገጽ ስለ እያንዳንዱ ነገር አምስት ነገር ቢናገር ይበቃል፤ ይኸውም ነገሩ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያስፈልግ፣ በምን መለኪያና ከስንት እስከ ስንት እንደሚጻፍ፣ ቢሳሳቱ ምን ጉዳት እንደሚመጣ፣ በመጨረሻም ከመጀመሪያ እስከ ፍጻሜ የተሠራ አንድ ምሳሌ ነው።

ይህንንም ስል ከራሴ ፈጥሬ የተናገርሁት አዲስ ሕግ አይደለም። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ስለ መመሪያ አጻጻፍ ያወጣውና በ2019 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታደሰው ቁጥር 82079 ደረጃ፣ መመሪያ ለሚያነበው ሰው ዕውቀትና ሥራ የተስማማ ሆኖ እንዲዘጋጅ ያዝዛል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2006 ዓ.ም. ባወጣው የማሽን ሕግ፣ ማሽን ለገበያ ሲቀርብ በሚሸጥበት አገር ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ አብሮት እንዲኖር አስገድዷል። ይህ ሕግ ስለ ማሽን የተነገረ እንጂ የንድፍ ፕሮግራምን የሚመለከት አይደለም፤ ነገር ግን መመሪያ የዕቃው አካል ነው፣ የሻጩ ችሮታ አይደለም የሚለው ሐሳብ በውስጡ አለ። ማጠፊያ ማሽኑ መመሪያ የግድ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ለማጠፊያ ማሽኑ ልክ የሚሰጠው ፕሮግራም ያለ መመሪያ የሚሸጥበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ደግሞ ጣቴን ወደ ራሳችን ልመልስ። እኛ ነጋድያን የውጭውን ሻጭ ስንወቅስ፣ እኛስ ለደንበኞቻችን ምን እንሰጣለን? የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ሚዛን፣ ስታቢላይዘር በየቀኑ ከሱቃችን ይወጣል። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት በቻይንኛ ወይም ማንም በማይረዳው እንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ አንዳንዱ ባለሱቅ ደግሞ ሳጥኑን ሲከፍት ወረቀቱን ይጥለዋል። በአገራችን በ2006 ዓ.ም. እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ደንበኛችን ፓምፑን ያለ ውሃ አስነሥቶ ሲያቃጥለውና መልሶ ሲያመጣብን፣ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ነውን? እኛ በላሜራው ላይ ያየነውን ጉዳት እርሱም በፓምፑ ላይ አይቶታል።

እንግዲህ ወቀሳ ብቻውን ዕቃ አያሻሽልምና፣ በበኩሌ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ወይም ማሽን የሚገዛ ነጋዴ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት መመሪያውን ይጠይቅ። ከሥራው ውስጥ በጣም አስቸጋሪ የሆኑትን ሦስት ጥያቄዎች መርጦ ሠራተኛው መልሳቸውን ከመመሪያው እንዲፈልግ ያድርግ። መልሱ ካልተገኘ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ዕቃው ውድ መሆኑን ይወቅ።

ሁለተኛ፤ በግዢው ውል ውስጥ መመሪያው ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ሆኖ እንዲሰጥ፣ ለጥያቄም በስንት ቀን ውስጥ መልስ እንደሚሰጥ ይጻፍ። ስለ ዕቃው ጥራትና ስለ መለዋወጫው አንቀጽ እንደምናስገባ ሁሉ ይህም ሊዘነጋ አይገባም።

ሦስተኛ፤ በየሥራ ቤቱ አንድ መዝገብ ይኑር። እኛ ከዚያ ጉዳት በኋላ ባለ ጥቁር ሽፋን አንድ ደብተር ገዝተናል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የላሜራው ውፍረት፣ የማጠፊያው ዓይነትና በሙከራ የተገኘው ቁጥር ተጽፏል፤ በሁለተኛው ገጽ ላይ የግዕዝ ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ተመልክቷል። ሠራተኛ ሥራውን ቢለቅ ዕውቀቱ ከደብተሩ ጋር ይቀራል። መሐንዲሳችን ቢሄድ ምን ይውጠን ነበር እያልን እንሠጋ ነበርና፣ አሁን ሥጋታችን ቀንሷል።

አራተኛ፤ የንግድ ምክር ቤቱ ከአባሎቹ የእንዲህ ያለውን ደብተር ቅጂ እየተቀበለ ቢያከማችና በአማርኛ አጭር መጽሐፍ አድርጎ ቢያወጣ፣ አንዱ የከፈለበትን ዕውቀት ሌላው በነፃ ያገኘዋል። ለሻጮቹም አንድ ነጋዴ ብቻውን ከሚጽፍ አባሎች በአንድነት ተሰብስበው ቢጽፉ የተሻለ ይደመጣል። እኔ ለብቻዬ የላክሁት ደብዳቤ «አስተያየትዎን ተቀብለናል» የሚል የማሽን መልስ ብቻ አምጥቶልኛል።

አምስተኛ፤ ባለሱቆች ለሚሸጡት ዕቃ አንድ ገጽ የአማርኛ ማስረጃ ያዘጋጁ። አምስት መስመር ቢሆንም ምንም ከሌለበት ይሻላል። ወጪው የአንድ ወረቀት ዋጋ ነው፤ ትርፉ ግን ተመልሶ የማይመጣ ዕቃና ተመልሶ የሚመጣ ደንበኛ ነው።

አሠሪዬ ያንን የተበላሸ መደርደሪያ አንዱን አስቀርተው በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ አሰቅለውታል፤ የእኔ ፋይሎች አሁን የተደረደሩት በእርሱ ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣና ስለ ምን ጠማማ ሆኖ ተሰቀለ ብሎ ሲጠይቅ፣ አሠሪዬ «ይህ ያልተጻፈ መመሪያ ዋጋ ነው» ይሉታል። አንባቢዎቼም በየግድግዳችሁ ላይ እንዲህ ያለ መደርደሪያ ሳትሰቅሉ፣ በእኛው እንድትማሩበት በትሕትና አሳስባለሁ።